የመመረቂያ ጥናቶች ብዛትና መነሻ፦ የድኅረ ምረቃ ምርምር በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ማሟያ የቀረቡት ጥናቶች በርእሳቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ አንዱ የጊቤ ነገሥታትን ታሪክ ሲከታተል ሌላው የሰሜን ሸዋ ገበሬ በድርቅ ዘመን የገጠመውን ግጥም ይሰበስባል፣ አንዱ ተናጋሪዎቹ ጥቂት የሆኑ የደቡብ ምዕራብ ቋንቋ ቃል የሚመሠርትበትን ሥርዓት ሲመረምር ሌላው ከእሬት ሥር ያወጣውን ውህድ በቤተ ሙከራ ይለያል፣ የትምህርት ተመራማሪውም በበኩሉ ሕፃናት በየትኛው ቋንቋ ትምህርት ቢጀምሩ እንደሚበጃቸው ይጠይቃል። ይህን ስፋት የሚመለከት አንባቢ ከጀርባው አንድ ትልቅ አገራዊ የምርምር ዕቅድ እንደነበረ ሊገምት ይችላል፤ የነገሩ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። የርእሶቹ ብዛት በአብዛኛው የመጣው ከሁለት ምንጮች ነው፦ አንደኛው እጥረት፣ ማለትም የመዝገብ ቤት፣ የመሣሪያና የገንዘብ ማነስ ሲሆን ሁለተኛው ተማሪው ራሱ የተወለደበት አገር፣ ይዞት የመጣው ቋንቋና የሚያውቀው ሰው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍ ያለ ጥናት በኢትዮጵያ ከዩኒቨርሲቲ በፊት አልነበረም ማለት አይቻልም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብና ዜማ የጨረሰ ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ወደሚባሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያት ይሸጋገር ነበር፤ የዜማው ዘርፍ የየራሱ ማስመስከሪያ ቦታ ስለነበረው የድጓ ተማሪ ወደ ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ተማሪ ወደ ዙር አባ ይሄድ ነበር። በወሎም እንደ ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደረሳው ነሕው የሚባለውን የዐረብኛ ሰዋስውና ፊቅህ የሚባለውን የሕግ ትምህርት ለመቅሰም ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዘዋወር ነበር። በሁለቱም ወግ ሊቅነት የሚለካው ከቀደሙት የተቀበሉትን ሳያጎድሉ በመያዝና በማራቀቅ ነበር እንጂ ከዚያ በፊት ያልታወቀን ነገር ፈልጎ በማግኘት አልነበረም፤ በዚህ ረገድ ቅኔ ብቻ፣ አንዴ የተቀኙት ዳግመኛ ስለማይባል፣ ከልማዱ ይለያል። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ሁሉ በተቋም ደረጃ የወረሰው ጥቂት ነው፤ ይህም ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል።

በ1950 ሉስየን ማት በተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል መሪነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዓላማው በጣሊያን ወረራ የተማረ ሰው ለጎደለበት መንግሥት ሠራተኛ ማፍራት ስለነበር ከመጀመሪያ ዲግሪ የሚያልፍ ትምህርት አልነበረውም። በታኅሣሥ ወር 1960 የተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሙከራው ጊዜ መኳንንትና ሹማምንት የተገደሉበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ፤ በ1961ም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ፣ የምሕንድስናው፣ የሕንፃ ሥራው፣ የዓለማያው የእርሻና የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጆች በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመሠረተ። ዩኒቨርሲቲው ሕንፃና ተማሪ ቢያገኝም ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ፈላጊው ወደ ለንደን፣ ወደ ቦን፣ ወደ ፓሪስ ወይም ወደ አሜሪካ መሄድ ነበረበት።

ከእነዚህ ተጓዦች መካከል የታሪክ ሰዎቹ የተለየ ቦታ አላቸው። ታደሰ ታምራት ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት በለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት በ1968 በዶክትሬት ጽሑፍነት አቅርበው በ1972 በመጽሐፍ አሳተሙት፤ በዚያው በ1972 ሥርግው ሀብለ ሥላሴ የጥንቱንና እስከ 1270 ያለውን ታሪክ አወጡ። መርዕድ ወልደ አረጋይ ደግሞ በ1971 እዚያው ለንደን ያቀረቡት፣ ከ1508 እስከ 1708 ደቡብ ኢትዮጵያ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር የነበራትን ግንኙነት የሚተርከው ጥናት ፈጽሞ ሳይታተም የዘመኑ ዋና መጥቀሻ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ጥናት ሳይታተም በፎቶ ኮፒ ብቻ እየተላለፈ የአንድ ሙሉ ዘመን ታሪክ መሠረት መሆኑ ለጸሐፊው ክብር ነው፤ ለአሳታሚዎቹና ለተቋማቱ ግን እንዲህ ሊባል አይቻልም።

እነዚህ ምሁራን ተመልሰው ማስተማር ሲጀምሩ፣ ከእነርሱ ጋርም ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን በታሪክ ክፍሉ ሲሠሩ፣ በአገር ውስጥ ገና ድኅረ ምረቃ ሳይኖር የድኅረ ምረቃን ሥራ የሚሠራ ነገር በቀለ፤ ይኸውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂው በመጨረሻው ዓመት የሚጽፈው የመመረቂያ ድርሰት ነው። ተማሪው በክረምት ወደ ትውልድ አገሩ ሄዶ ሽማግሌዎችን እንዲጠይቅና የአካባቢውን ታሪክ እንዲጽፍ ይደረግ ነበር። ምክንያቱ የሥነ ዘዴ ምርጫ ብቻ አልነበረም፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ወረቀት ለተመራማሪ በወጉ አልተከፈተም፣ የአውራጃ መዝገቦች ብዙዎቹ አልተደራጁም፣ ወደ ውጭ መዛግብት ለመሄድም ለአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ገንዘብ የሚሰጥ አልነበረም። የቀረው ሰው ነበር። በዚህ ሁኔታ ስለ ገበያ ቦታዎች፣ ስለ ገባር ሥርዓት፣ ስለ ወረዳ ባላባቶች፣ ስለ ከተሞች አመሠራረት፣ ስለ ጣሊያን ወረራ አርበኞች የተጻፉት ድርሰቶች ተከማችተው ኋላ ለታላላቅ ሥራዎች ጥሬ ዕቃ ሆኑ፤ ባሕሩ ዘውዴ በ1991 ያሳተሙት የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ከታላላቅ የውጭ መጻሕፍት ጎን እነዚህን የተማሪ ጽሑፎች በሰፊው መጠቀሙ የሚታወስ ነው።

የታሪክ ክፍሉ የመመረቂያ ጽሑፎች በመጨረሻ ገጾቻቸው ላይ የመረጃ አቀባዮችን ዝርዝር ማስፈር ልማድ አድርገዋል፤ መረጃ አቀባይ የሚባለው በቃለ መጠይቅ ያየውን ወይም የሰማውን ለተመራማሪው የነገረ ሰው ሲሆን ስሙ፣ ዕድሜው፣ የተጠየቀበት ቦታና ቀን፣ አንዳንዴም ስለ ዕውቀቱ ስፋትና ስለ አስተማማኝነቱ አጭር አስተያየት ይጻፍለታል። ይህ ዝርዝር ራሱን የቻለ ቅርስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የአድዋን ዘማቾች ልጆች፣ የመጨረሻዎቹን የአባ ጅፋር ቤተኞች፣ ከአብዮቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበሩ ጭቃ ሹሞችን በስም የያዘ ሌላ መዝገብ ማግኘት ይከብዳልና። ድክመቱም መነገር አለበት። ተማሪው የሚጠይቀው ዘመዱን፣ ጎረቤቱን ወይም ዘመዱ ያገናኘውን ሰው ስለነበር የትልቅ ቤት ልጅ የትልቅ ቤት ታሪክ ይዞ መመለሱ፣ የጭሰኛው፣ የሸክላ ሠሪውና የሴቶቹ ድምፅ መሳሳቱ የሚጠበቅ ነበር።

ለእነዚህ ጽሑፎች መጠጊያ የሆነው በ1963 በገነተ ልዑል የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መውጣት የጀመረው የተቋሙ መጽሔት ጥናቱ ከተማሪው መሳቢያ ወጥቶ በዓለም ፊት የሚቀርብበትን መንገድ ከፈተ።

የተፈጥሮ ሳይንሱ መነሻም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት የወንዝ ዳር የበሽታው አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ እንዶድ በአገሩ እናቶች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ በሳሙናነት የሚታወቅ ተክል ነው። ከዚህ ትዝብት የተነሣው ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በቤተ ሙከራ አረጋገጠ፣ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ተቋም፣ ማለትም የበሽታ አምጪ ሕዋሳትን የሚያጠና ማዕከል፣ ሲቋቋም አክሊሉ መሥራቹ ሆኑ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በጂኦፊዚክስ ደግሞ፣ ማለትም የምድርን እንቅስቃሴ በሚለካው ዘርፍ፣ ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአራት ኪሎ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ሲመሩ ቆይተው በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። የስምጥ ሸለቆው ምድር ራሱ ለጥናቱ ቤተ ሙከራ ስለሆነ እዚህ አዲስ አበባ ከሀብታም አገር ዩኒቨርሲቲ አታንስም ነበር።

አብዮቱ ይህን ሁሉ ለጊዜው አቋረጠው። በ1974 መጨረሻ የታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለብዙ ተማሪና መምህር የእስር፣ የሞትና የስደት ነበሩ። በአገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው እንግዲህ በዚህ ዘመን ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 መካከል መሆኑ መጀመሪያ ሲያዩት ያስገርማል። ነገር ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ወደ ምዕራብ የሄደው አብዛኛው አይመለስም ነበር፣ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሚላከው ደግሞ የሚያጠናው ለአገሩ በቀጥታ ያልተቀረጸ ነገር ነበር፣ የሚከፈቱትን ኮሌጆች የሚያስተምር ሰውም ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የማስተርስ ዲግሪ መርሐ ግብሮች በ1979፣ የዶክትሬት ዲግሪ መርሐ ግብሮች በ1987 ተጀመሩ። በአሠራሩ ተማሪው በአንድ አማካሪ መሪነት ጥናቱን ያዘጋጃል፣ ሲጨርስም በፈታኞች ፊት ቀርቦ ይከላከላል፣ ማለትም ያገኘውን ውጤትና የተከተለውን ዘዴ ከጥያቄ ያስጥላል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቀረቡት የታሪክ የማስተርስ ጽሑፎች የቀድሞው የመመረቂያ ድርሰት ቅጥያ ናቸው፤ ስለ ወለጋ ኦሮሞ ታሪክ፣ በጊቤ አካባቢ ስለ ጎማና ሊሙ መንግሥታት አነሣሥ፣ በጅማ ስለነበረው የባሪያ ንግድ፣ በወለጋ ስለ ፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች የተሠሩት ጥናቶች ከዚያ በፊት በዙፋኑና በሰሜኑ ዙሪያ ይሽከረከር የነበረውን የታሪክ ጽሑፍ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አዞሩት። ይህን ያደረገው የመንግሥት መመሪያ አይደለም፤ ያደረጉት ከወለጋና ከጅማ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። የዘመኑ ርዕዮተ ዓለም በእርግጥ አሻራውን ጥሏል፤ የመደብ፣ የምርት ስልትና የፊውዳል ሥርዓት ቃላት በመግቢያ ምዕራፎች ይነግሣሉ፣ ጽሑፉ ወደ ሽማግሌዎቹ ቃል ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳቸዋል፤ አንባቢውም አይከፋውም።

ከሳይንስ ዘርፎች መካከል ለታቀደ ሥራ እውነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የዕፅዋት ጥናት ነው። በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ይኸውም የደረቁና የተጫኑ ዕፅዋት ናሙናዎች በስምና በተገኙበት ቦታ ተመዝግበው የሚቀመጡበት ቤት፣ ከ1980 ጀምሮ በአዲስ አበባና በስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ለተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ መሠረት ሆነ። በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ የተደገፈው፣ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ኢንጋ ሄድቤርግ የመሩት ይህ ሥራ የመጀመሪያ ቅጹን በ1989 አውጥቶ በ2009 በስምንት ቅጽ፣ በአሥር መጻሕፍት ተጠናቀቀ፤ በውስጡም ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች ተገልጸዋል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ሥራው የተከፋፈለበት መንገድ ነው። አንድ ተማሪ አንድን የዕፅዋት ወገን ተቀብሎ በየተራራውና በየሸለቆው ናሙና ይለቅማል፣ በለንደን፣ በፍሎረንስና በሌሎች የአውሮፓ ሄርባሪየሞች ከመቶ ዓመት በፊት የተወሰዱትን ናሙናዎች ያስተያያል፣ ስማቸው የተደበላለቀውን ይለያል፣ አዲስ ዝርያ ሲያገኝም ይሰይማል፤ ውጤቱ በአንድ ወገን የዶክትሬት ጽሑፍ፣ በሌላ ወገን የመዝገቡ ምዕራፍ ይሆናል። ሰብስቤ ደምሰውና እንሰርሙ ቀልቤሳ በዚህ መንገድ ሠልጥነው ኋላ የመዝገቡ አዘጋጆች ሆኑ። በሌሎች ክፍሎች ጽሑፉ ሲጸድቅ ሥራው ሲያበቃ እዚህ ግን እያንዳንዱ ጥናት በሌላው ላይ ይደገፍ ነበር፤ ልዩነቱም በውጤቱ ይታያል።

በኬሚስትሪ ክፍል የተከሰተው በከፊል የዚሁ ዘመድ ነው። ውድ መሣሪያ የሚጠይቀው የፊዚካል ኬሚስትሪ ምርምር ሲያዳግት ብዙ ተማሪ በአገር በቀል ዕፅዋት ወደሚገኙ ውህዶች አዘነበለ፤ ኤርሚያስ ዳኜ በእሬት ላይ የሠሩት ሰፊ ጥናትና በ1984 ለምሥራቅና ለመካከለኛው አፍሪካ የተመሠረተው የተፈጥሮ ውህዶች ምርምር መረብ የዚህ ፍሬዎች ናቸው። ባዮሎጂውም ወደ ዝዋይና አዋሳ ሐይቆች ወረደ።

ዓለማያ ለብቻው መታየት አለበት። ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት በ1950ዎቹ የተቋቋመው ኮሌጅ በ1979 ገደማ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲጀምር ጥናቶቹ ማሽላን፣ ስንዴን፣ ቡናንና ጤፍን ተከፋፈሉ። ጤፍ ከሁሉ አስቸጋሪው ነበር፤ አበባው እጅግ ጥቃቅን ስለሆነና የተከፈተ ስለማይታይ ሁለት ዓይነት ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታሰብ ነበር፣ ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ አጋማሽ አበባው በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት እስኪደርሱበት ድረስ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የማዳቀል ሥራ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ቀጥሎ በ2006 የተለቀቀውን ቁንጮን የመሰሉ ዝርያዎች አስገኘ፣ በማዕከሉና በዩኒቨርሲቲው መካከል የሚመላለሱት የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችም ቁመቱን፣ መጋሸቡን፣ ዝገቱንና ዘረ መሉን ተከፋፍለው አጠኑት።

የሥነ ልሳን ጥናት ቋንቋን በራሱ ሥርዓት የሚመረምር ዘርፍ ሲሆን በኢትዮጵያ ከ80 በላይ ቋንቋዎች መኖራቸው ለተማሪ የማያልቅ ርእስ ሰጥቷል። በ1968 እና በ1969 የተካሄደው የቋንቋ ጥናት ውጤት በ1976 ሲታተም ምን ያህል ቋንቋዎች ያልተጻፈ ሰዋስው እንዳላቸው አሳየ፤ ከዚያ በኋላ ባዬ ይማምን የመሰሉ መምህራን ባሉበት ክፍል የአንድ ቋንቋ የድምፅ ሥርዓት፣ የግስ ርባታ ወይም የዐረፍተ ነገር አወቃቀር የአንድ ተማሪ ድርሻ ሆነ። እነዚህ ጽሑፎች ለተራ አንባቢ ደረቅ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ በእነዚያ ቋንቋዎች የመማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ሲያስፈልግ የሚጠየቁት እነርሱ ነበሩ።

በትምህርት ዘርፍ የሚሠራው ምርምር ከፖሊሲ ጋር ያለው ቅርበት ጥንካሬውም ድክመቱም ነው። በ1979 የተጀመረው፣ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው አጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት ግምገማ፣ ከዚያም በ1994 በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን የደነገገው ፖሊሲ እያንዳንዳቸው ተከታይ ጥናቶችን አስነሥተዋል። ጥናቱን የሚሠሩት አብዛኞቹ ለዓመታት ያስተማሩ መምህራንና ርእሰ መምህራን ስለሆኑ የክፍሉን ችግር ከውስጥ ያውቁታል። የሚያሳዝነው ይህ ዕውቀት ብዙ ጊዜ በመጠይቅ ቅጽና በመቶኛ ሠንጠረዥ ተጨፍልቆ መቅረቡ ነው፤ የአንድን ጉዳይ አተገባበርና ተግዳሮቶች በአንድ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሚል ርእስ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ የወረዳውን ስም ለውጦ አንዱን ጥናት በሌላው መተካት የሚቻል ይመስላል።

ኪነ ጥበቡ ወደ ድኅረ ምረቃ የገባው ዘግይቶ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚመለከተውን የዶክትሬት ጥናታቸውን በ1971 ያጠናቀቁት በአሜሪካ ነበር፤ በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ለረጅም ጊዜ ዲፕሎማ ሰጪ ሆኖ ቆይቷል። ሥዕልን ወይም ዜማን እንደ ምርምር ውጤት መቀበል ለዩኒቨርሲቲው ሥርዓት እንግዳ ስለነበር ጥበቡ መጀመሪያ የገባው በሥነ ጽሑፍና በፎክሎር በር ነው፤ ፎክሎር የሚባለው በቃል የሚተላለፈውን ተረት፣ ግጥም፣ እንቆቅልሽና ሥርዓተ ክዋኔ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ፈቃደ አዘዘ በሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅ፣ ስለ ረሃብና ስለ እግዚአብሔር የገጠሙትን ሰብስበው በ1998 ያሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ዘርፍ ተማሪዎች የመስክ ሥራ ምን ሊያፈራ እንደሚችል አሳይቷል።

በ1993 ከዩኒቨርሲቲው 42 መምህራን በአንድ ጊዜ ሲሰናበቱ ብዙ ዘርፎች ልምድ ያላቸውን አማካሪዎች አጡ። ከ2000 በኋላ የመጣው መስፋፋት ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል፣ ግን ተመሳሳይ ውጤት ያለው ጫና ፈጠረ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 ሲያልፍና የመንግሥት ፖሊሲ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ሲያዝ አንድ አማካሪ የሚይዛቸው ተማሪዎች በዙ፣ ለመስክ ሥራ የሚሰጠው ጊዜም አጠረ። ቋንቋውም ያልተፈታ ጉዳይ ነው። ከቋንቋና ከሥነ ጽሑፍ ክፍሎች ጥቂት ጥናቶች በቀር ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ ስለሚቀርቡ መረጃውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ የሰጠው ሰው የራሱን ቃል ተመልሶ ሊያነበው አይችልም። ጽሑፎቹን በኢንተርኔት ለማስነበብ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲው ክምችት ለተመራማሪው ትልቅ እፎይታ ቢሆንም ይህን ችግር አይነካውም።

መስፋፋቱ ያመጣው ሌላ ለውጥ አለ። ቀድሞ ተማሪው ርእሱን ከአገሩ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ይመጣ ነበር፤ አሁን ርእሱን የሚሰጠው በአመዛኙ ዩኒቨርሲቲው የቆመበት ቦታ ነው። አርባ ምንጭ በውኃ ምሕንድስና፣ ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ፣ ጅማ በቡና ላይ ያተኮሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጎንደርም ከቆላው ቅርብ በመሆኑ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ የሚያጠቃውን ካላዛር የተባለ በሽታ የሚያክምና የሚያጠና ማዕከል አቋቁሟል፣ የሕክምናና የጤና ተማሪዎቹም ጥናታቸውን ከዚሁ ታካሚ አልጋ አጠገብ ይጀምራሉ።